ለ5 ሰው ቤት በጠባብ በጀት፦ ከጤፉ በፊት ሽንኩርቱንና ዘይቱን ቁጠሩ

ማጀት_ሒሳብ

ሰላም ቤቶች። የአስቤዛ ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ጤፍ ላይ ጀምሮ ጤፍ ላይ ያልቃል። ትልቁ ወጪ መሆኑ አይካድም፤ ግን በወር አንዴ የሚገዛ፣ ልኩ የታወቀ ወጪ ነው። ኪስ የሚያፈሰው በየቀኑ ከጉሊት በመደብ የሚነሳው ሽንኩርትና ከሱቅ በትንሽ በትንሹ የሚቀዳው ዘይት ነው። እሱን ማንም አይመዘግበውም።

ለ2 አዋቂና ለ3 ልጅ የወሩን ልክ ላስቀምጥ፣ የምታውቁ አርሙኝ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው በሳምንቱ ውሸታም ያደርገኛል። የሰፈራችሁን ዋጋ ራሳችሁ አስገቡበት።

እንጀራ በቀን 8 ወይም 9። 1 ኪሎ ዱቄት በሰፊው ምጣድ 6 ገደማ ይወጣዋል፤ ስለዚህ በቀን 1 ኪሎ ከ400 ግራም፣ በወር 42 ኪሎ። ግማሽ ኩንታል 5 ሳምንት ካልዘለቀ ወይ ሊጡ ወፍሯል፣ ወይ ጥራጊው በዝቷል፣ ወይ የደረቀው እየተጣለ ነው።

ጥራጥሬ ሽሮውን ጨምሮ በቀን 350 ግራም፣ በወር 10 ኪሎ ተኩል። 4 ኪሎው ሽሮ፣ 3 ኪሎው ምስር ክክ፣ 2 ኪሎው አተር ክክ፣ የቀረው ለንፍሮ የሚሆን ሽምብራና ባቄላ።

ዘይት 3 ሊትር። ሲካፈል በቀን 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለቀኑ ድስት ሁሉ 7 የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ከጀሪካኑ ቀጥታ የሚያንቆረቁር ሰው ይህን ለአንድ ወጥ ይጨርሰዋል። በማንኪያ ይለካ፣ አለቀ።

ሽንኩርት 10 ኪሎ። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። ምሳና እራት የየራሱ ወጥ ከተሠራ፣ ለአንዱ 350 ግራም ብንል፣ በወር 21 ኪሎ ይሄዳል። በቀን አንድ ቁሌት ብቻ ከሆነ በግማሽ ይወርዳል። ምሳ የቀይ ወጥ ከሆነ እራት ጎመን፣ ድንች አልጫ፣ ፍርፍር ወይም አዚፋ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው አትቁጠሩ፣ ማዕድ ቁጠሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ በትምህርት ቀን ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባል። ሦስት ልጅ ካለ በሳምንት 30 ማዕድ ነው፣ ከቤቱ 105 ማዕድ ላይ የሚቀነስ። ከላይ ያለው ልክ ሁሉም ቤት ሲበላ ነው።


የበረንዳ_ሰው

ጥራጊውን አንስተሻል፣ እሱን ላብራራ። እህል በረንዳም ሆነ የሰፈር እህል መደብር ስትገዙ የጆንያውን አፍ አትመኑ፤ አፉ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው። ከመሃልና ከታች ይውጣላችሁ። እፍኝ ነጭ ወረቀት ላይ በትኑ፣ ትንሽ ደግሞ በጥርሳችሁ ሞክሩት። ከተንቀጫቀጨ አሸዋ አለው፤ ደቃቅ አሸዋ ከጤፍ ጋር እኩል ስለሚያክል በወንፊት አይለይም። ረከሰ የተባለው ኩንታል 4 ኪሎ ጥራጊ ከወጣበት የገዛችሁት 96 ኪሎ ነው፤ ዋጋውን በ96 አካፍላችሁ ከሌላው ጋር አወዳድሩ።

ማኛ ላይ የምትከፍሉት ለንጣቱ ነው። ሰርገኛና ቀይ ጤፍ በብረትም በአሰርም (ፋይበር) አያንሱም። እንግዳ ምን ይለኛል ካላላችሁ የመጀመሪያው ቁጠባ ይህ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ አዲሱ ጤፍ ገበያ ላይ በርከት የሚለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ክረምቱና አዲስ ዓመት ማግስት አስቸጋሪው ጊዜ ነው። በጥር ለክረምቱ የሚሆን አንድ ኩንታል ማስቀመጥ የቻለ ቤት ዓመቱን ያቀለዋል፤ ለአንድ ቤት ከከበደ ጎረቤት ተሰባስቦ ዕቁቡን በብር ሳይሆን በኩንታል ይጣል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ካለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዱቄቱ ግን ሲቆይ ሽታ ስለሚያመጣ የአንድ ወሩን ብቻ አስፈጩ።

ጥራጥሬ ሌላ ነው። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ድፍኑ በሁለት ወር ውስጥ ሊነቅዝ ይችላል። በደንብ ፀሐይ ያግኝ፤ ከዚያ ለ1 ኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ፣ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ዕቃ እስከ አፉ ሞልታችሁ ዝጉ። አየር ካጣ ነቀዙ አይራባም። ፍሪዘር ያለው 4 ቀን አስገብቶ ቢያወጣው እንቁላሉም ይሞታል። በገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ግን ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ እንዳታስገቡ። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ለመጋዘን እንጂ ለማጀት አልተሠራም።


ቡሃቃ

ጤፍ ሲወደድ ሁሉም ሩዝ ይቀላቅላል። የሚበላሸው ልኩ ሲጠፋ ነው። ከ5 ኪሎ 1 ኪሎው ሩዝ ቢሆን ማንም አያውቅባችሁም። ከ3 አንድ እጅ ሲደርስ ትኩሱ ያምራል፣ በማግስቱ ጠርዙ ይደርቃል፣ በሦስተኛው ቀን ሲጠቀለል ይሰበራል። ከዚያ ካለፈ ግማሹን ለፍርፍር የጋገራችሁት ያህል ነው፤ ቁጠባው እዚያው ጠፋ። ሌላ ችግርም አለ፦ ነጭ ሩዝ የጤፉን ብረትና አሰር አያመጣም፣ ያቀጥነዋል እንጂ።

ሩዙ ከጤፉ ጋር አብሮ ይፈጭ። ሸካራ የሩዝ ዱቄት ለብቻው ከተጨመረ ቡሃቃው ሥር ይዘቅጣል፤ የላዩ ሊጥ ጤፍ ብቻ፣ የታችኛው ሩዝ ብቻ ይሆናል። በየ5 እንጀራው ሊጡን ከሥር አማስሉ። ወፍጮ ቤት ደግሞ ከበርበሬ ቀጥሎ ያለውን ተራ አትቀበሉ።

ለ6 ኪሎ ዱቄት፦ 1 ሊትር ገደማ እርሾ፣ ከ6 እስከ 7 ሊትር ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ ጓጉሉ እስኪጠፋ ይታሻል። በበጋ 2 ቀን፣ በክረምት 3 ቀን ይቀመጥ። ላዩ ላይ የቆመውን ውሃ ቅዱ፣ ከእሱ 1 ሊትሩን ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ። ከዚያ አብሲት፦ 1 ሊትር ሊጥ በ3 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አፍሉት፣ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሱት። እየፈላ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፣ ሊጡም ተኝቶ ይቀራል። አረፋ አውጥቶ ሲነሳ ብቻ ምጣድ ይጣድ፤ እንደ አየሩ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈልጋል።

ዓይን ያላወጣ እንጀራ ብዙ ጊዜ የሊጡ ጥፋት አይደለም። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት መብራት ስለሚደክም ምጣዱ አይግልም፤ እንጀራው ምጣዱ ላይ ይይዛል፣ የተበላሸውም ይጣላል። ጠዋት ጋግሩ።

የመብራቱ ሒሳብም ይኸውና። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ እስኪግል 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለማጋያ ብቻ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በየቀኑ 9 ከመጋገር በ3 ቀን አንዴ 27 መጋገር በወር 20 ማጋያ ያስቀራል፤ ወደ 17 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ የምትቀንሱት ከውዱ እርከን ላይ ነው።


አራት_ኪሎ_ላጤ

አብሲቱን ትቶ ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር ቢደረግስ?


ቡሃቃ

ዓይን ያወጣል። ግን ልስላሴውን የሚሰጠው የበሰለው ሊጥ ነው፤ ያለ አብሲት የተጋገረ በማግስቱ ይሰነጠቃል። ሩዝ ካለበት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።


ሚዛን_አይዋሽም

ርዕሱ ሽንኩርት ነውና ወደ እሱ ልመለስ።

ጉሊት የሚሸጠው በመደብ ነው፤ መደብ ደግሞ ክብደት የለውም። ዋጋው ሳይጨምር መደቡ ያንሳል፣ ዓይናችሁም ይለምደዋል። አንድ ጊዜ አንድ መደብ ቤት ወስዳችሁ መዝኑ፣ በኪሎ ስንት እንደደረሰባችሁ አስሉ። ጉሊት የምትቀመጥ እናት ላይ አይደለም ቅሬታዬ፤ እሷም በኪሎ ገዝታ ነው በመደብ የምትሸጠው፣ ልዩነቱ እንጀራዋ ነው። ቃሪያና ጎመን ለዕለቱ ከእሷ መግዛት ያዋጣል። ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ግን በኪሎ።

በኪሎም ቢሆን ሚዛኑን ፈትኑ። ያልተከፈተ የ1 ሊትር የታሸገ ውሃ ከነፕላስቲኩ 1 ኪሎ ከትንሽ ግራም ነው። ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት። 1 ኪሎ ከ200 ካነበበ በየኪሎው 150 ግራም ያህል እየቀረባችሁ ነው። ጭቅጭቅ አያስፈልግም፣ ውሃችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ስለሄደ ለመሃል ከተማ ሰው እንደ ድሮው በእግር የሚደረስ አይደለም። ለ5 ኪሎ ሽንኩርት እዚያ መሄድ ትራንስፖርቱ ይበላዋል። አራት ቤት ተጋርቶ 40 ኪሎ ሽንኩርትና 40 ኪሎ ድንች ከሆነ ግን የጭነቱን ከፍሎም ይተርፋል። ለአንድ ቤት የተሻለው የእሁድ ገበያ ነው። ጠዋት ዕቃው ጥሩ ነው፣ ማምሻ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ የላሸ ቲማቲም ማምሻ ገዝቶ በዚያው ሌሊት ማብሰል ትልቅ ቁጠባ ነው። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዘይትና ስኳር የሚመጣበትን ቀን ጠይቃችሁ ያዙ፣ የድርሻችሁን ሳትወስዱ ወሩ አይለፍ።

ለማከማቸት የሚገዛ ሽንኩርት አንገቱ የደረቀ፣ ልጣጩ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ይሁን። አንገቱ እርጥብ የሆነው በሳምንት ውስጥ ከመሃሉ ይበሰብሳል። ከድንች ጋር አንድ ላይ አታስቀምጡ፣ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ። ፌስታል ውስጥ በፍጹም፤ በመረብ ከረጢት ይንጠልጠል።


የካዛንቺስ_ድስት

10 ኪሎ ሽንኩርት አይበቃም ለሚሉ፣ የሚጎድለው አያያዙ ነው። ዘይት ቀድሞ ገብቶ ሽንኩርት ከላዩ ሲጨመር ዘይቱን ይጠጣና «ደረቀ» ተብሎ ሌላ ይፈስበታል። ትክክለኛው መንገድ እናቶች የሚያውቁት ነው፦ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት በደረቅ ድስት፣ ቁንጥር ጨው፣ መካከለኛ እሳት። ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ ይመጠዋል። ሊይዝ ሲል 2 ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙ። ቀለሙ ሲቀየር ያኔ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

ማቀዝቀዣ ያለው ቤት 3 ኪሎውን ባንዴ ያቁላላ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ መጠኑም ከግማሽ በታች ይወርዳል። በ9 ከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ የ330 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ቦታ ይይዛል። ፍሪዘር ውስጥ በጠፍጣፋው ከተቀመጠ ወር ይቆያል፣ ታች ያለው ከ4 ቀን አይለፍ። የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው፦ አከታተፉ ትልቅና ትንሽ ሲሆን ትንሹ ያራል፣ ትልቁ ጥሬ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ድስቱ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ሰፊ ድስት።

አልጫ ላይ ሽንኩርቱን በግማሽ ቀንሱና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ጨምሩ። የጣዕሙ ጉድለት አይታይም።

በርበሬንም እንዳንረሳ። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ርካሽ በርበሬ ከሆነ 1 ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በትኑ፤ ቶሎ ሥሩ የሚቀመጥና በጣት ሲታሽ አሸዋ የሚል ነገር ካለ ባዕድ ተቀላቅሎበታል። ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። የረጠበ፣ ውስጡ ሲከፈት ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ያለበት ዛላ ግን በምንም ዋጋ አይገዛ፤ የሻጋታው መርዝ በማብሰል አይጠፋም።


ስንቅና_ጤና

ማጀት_ሒሳብ፣ ልክሽ ጥሩ ነው። ከምግብ ይዘት አንጻር ላየው።

ጥራጥሬ በደረቁ ከ100 ግራም 22 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ጤፍ ደግሞ ወደ 11። 350 ግራሙ ጥራጥሬ 77 ግራም፣ 1 ኪሎ ከ400 ግራሙ ጤፍ 150 ግራም ያህል ይሰጣል። ለ2 አዋቂና ለ3 ልጅ በቁጥር ይበቃል። እህሉ የሚጎድለውን ጥራጥሬው ይሞላለታል፤ እንጀራ በሽሮ ዝም ብሎ የመጣ ጥምረት አይደለም።

የትኛው እንደሚረክስ ለማወቅ ዋጋውን እንዲህ አካፍሉ፤ የሚወጣው የ10 ግራም ፕሮቲን ዋጋ ነው። የ1 ኪሎ ጥራጥሬ ዋጋ በ22። የ1 ሊትር ወተት በ3.2። የ1 እንቁላል በ0.6። የ1 ኪሎ አጥንት የሌለው የበሬ ሥጋ በ20። ይህን አንዴ ያሰላ ሰው ሥጋ የሚገዛበትን ምክንያት ይለውጣል፤ ለጣዕምና ለበዓል እንጂ «ለጉልበት» ብሎ አይገዛም።

ጠባብ በጀት ላይ የሚጎድለው ሌላ ነው። ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ስለሚገኝ ለልጆች በሳምንት 3 እንቁላል ለየአንዳንዳቸው ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። ቫይታሚን ኤ ከጎመን፣ ከቆስጣ፣ ከካሮት፣ ከዱባና ውስጡ ብርቱካንማ ከሆነ ስኳር ድንች ይገኛል፤ ከዘይት ጋር ሲበላ ነው ሰውነት የሚወስደው። ብረት ጤፍም ምስርም ውስጥ አለ፤ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ ሲበላ አወሳሰዱ ይጨምራል። ምግብ እንዳለቀ የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይከለክለዋል። አንድ ሰዓት ይቆይ። ነፃ ምክር ነው፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ለሕፃን ገንፎ «ሰባት ዓይነት እህል» ማስፈጨት ልማድ ሆኗል። ሰባቱም እህል ከሆኑ ዋጋው እንጂ ጥቅሙ አይጨምርም። 3 እጅ እህል (አጃ፣ ገብስ ወይም ስንዴ፣ የረከሰው)፣ 1 እጅ ታምሶ የተከካ ጥራጥሬ ይበቃል። ከ6 ወር በኋላ ነው የሚጀመረው፣ ጡቱ ሳይቋረጥ። ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ ቀጭን ገንፎ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ሲገኝ የተመታ እንቁላል ወይም የደቀቀ ጎመን አብራችሁ አብስሉበት። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም።

ጨው አዮዲን ያለው ይሁንና ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳት ራቅ ብሎ ይቀመጥ።


ሽሮ_ፈሰስ

ስለ ሽሮ ማንም ምንም አላለም! ጓያ ሲቀላቀል ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ ጣዕሙም አይከፋም። ለምን አትሉትም?


ስንቅና_ጤና

በጥንቃቄ። ጓያ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ የማይድን ነው። አልፎ አልፎ በትንሹ የሚቀላቀል አይገድልም፤ ግን በጠባብ በጀት የሚኖር ቤት ሽሮን በየቀኑ ነው የሚበላው፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ከተጠቀማችሁ ድፍኑን በብዙ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ደግማችሁ፣ አድርቃችሁ ነው የሚታመሰው። የተፈጨ ርካሽ ሽሮ ስትገዙ ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ራስ ማስፈጨቱ ይሻላል።


የካዛንቺስ_ድስት

ለ10 ኪሎ ሚጥን ሽሮ፦ 6 ኪሎ ሽምብራ፣ 4 ኪሎ አተር። ቀለል አድርጎ ማመስ፣ መከካት፣ ገለባውን ማንፈስ። ሽምብራው ጠቆር ካለ ሽሮው ይመራል። በርበሬውም ማጣፈጫውም እንደ ቤቱ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላና ኮረሪማ ሳይጠፋ፣ ግን ሁሉም እንደ ብስኩት ደርቆ ይግባ። እርጥብ ዝንጅብል የገባበት ሽሮ በወሩ ይሻግታል።

አሠራሩ ደግሞ 1 ብርጭቆ ሽሮ ለ4 ብርጭቆ ውሃ። ዱቄቱን የሚፈላ ውሃ ላይ ከበተናችሁ ይጓጉላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። 25 ደቂቃ በቀስታ ይንተክተክ። በ10 ደቂቃ የወጣ ሽሮ ሆድ ይነፋል፣ ሰውም ጥፋቱን በሽምብራው ላይ ይለጥፋል።


እንጦጦ_በኩል

የእኔ አስተያየት የማብሰያ ወጪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያለፈች ከተማ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቦሎቄና ሽምብራ ቆላ ከሚፈጁት በላይ ሰዓት ይወስዳሉ፤ ከሰሉ ወይም መብራቱ ከጥራጥሬው በላይ ሊያስከፍል ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው። ማታ መዘፍዘፍ፣ 10 ሰዓት ቢያንስ፣ ውሃውን መድፋት። ሁለተኛው ፕሬዠር ኩከር፤ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ኩከሩ ካፏጨ በኋላ 25 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን መታገል የለም፤ ጎማው ካረጀ ደግሞ ይቀየር።

ጨው መጨረሻ ላይ። ቲማቲምና ሎሚም እንዲሁ፤ አሲድ ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬው ቀኑን ሙሉ ቢፈላ አይለሰልስም።

ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ፦ በቀስታ እሳት ብቻ አታብስሉት። በደንብ እየተፍለቀለቀ 30 ደቂቃ ይፍላ፣ ያለዚያ ያስመልሳል።


መርካቶ_ሰባተኛ

ሁሉም የጻፈው ስለ ወጥ ነው። ሾርባ የሚባል ነገር አለ። ረመዳን ላይ ብቻ ለምን ይታሰባል? 150 ግራም የተከካ ገብስ ወይም አጃ፣ 100 ግራም ምስር፣ 1 ካሮት፣ 1 ድንች፣ 2 ሊትር ተኩል ውሃ፣ ካለ አንድ የተቀቀለ አጥንት፤ ለ5 ሰው እራት ነው፣ ሽንኩርቱ አንድ ራስ ብቻ። አጥንቱ ከልኳንዳ ከሥጋው በጣም በረከሰ ዋጋ ይገኛል፤ መቅኒ ያለውን አስቆርጡ፣ በፕሬዠር አንድ ሰዓት፣ ላዩ የረጋውን ስብ አንስታችሁ በዘይት ፈንታ ለቁሌት ተጠቀሙበት።

ሥጋ ሲገዛም 250 ግራም ለ5 ሰው ይበቃል፣ ደቆ ተከትፎ ከድንችና ካሮት ጋር ከሆነ። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ለልጆች ጥሩ ነው፣ ነፍሰ ጡር ግን ደጋግማ አትብላው። ቅርጫ የሚገባ ቤት ደግሞ መደቡን በዓሉ ዕለት አይጨርስ፤ ግማሹ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሁን። ለአንድ ፍርፍር 60 ግራም ቋንጣ ሽታውን ለመስጠት በቂ ነው።

የበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ እንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት አትግዙ። ሽንኩርቱን 10 ቀን ቀድማችሁ፣ እንቁላሉን ጾሙ ሳይፈታ። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ እንቁላል የሚፈልገው ስለሚቀንስ ዋጋው ላላ ይላል፤ ለማይጾም ልጅ ያኔ ነው መግዛት።


አራት_ኪሎ_ላጤ

ለ2 ሰው ቤት ይህ ሁሉ ምጣድና ቡሃቃ ያዋጣል? እንጀራ ገዝቶ መብላት አይሻልም?


ቡሃቃ

ለ2 ሰው ብዙ ጊዜ መግዛቱ ይሻላል፤ በቀን 3 ወይም 4 እንጀራ ለሚበላ ቤት ምጣዱም ጊዜውም አይመለስም። ግን በቁጥር አትግዛ፣ በክብደት አወዳድር። 10 እንጀራ መዝን። አንዱ ቤት 10ሩ 3 ኪሎ፣ ሌላው ቤት 4 ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋቸው እኩል ሆኖ። በማግስቱ የሚፈርሰውን ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን አስታውስ፤ ሩዙ በዝቷል ማለት ነው።

ቤት የሚጋገረውን ከተገዛው ጋር ለማስተያየት የ1 ኪሎ ዱቄት ዋጋ፣ የወፍጮ፣ የመብራት ደምርና በ6 አካፍል። በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ የምትጋግር ከሆነ ማጋያው ከልዩነቱ ይበላል።


ማጀት_ሒሳብ

ብዙ አስተካከላችሁልኝ፣ አመሰግናለሁ። መርካቶ_ሰባተኛ፣ የአጥንቱን ስብ ስቆጥረው ዘይቱ ወደ 2 ሊትር ተኩል ይወርዳል። ከ21 ወደ 10 የወረደው ሽንኩርት ከሾርባው ጋር 9ም ሊሆን ነው።

አንድ የቀረኝ፦ በክረምት ድርቆሽ እንዴት ታደርቁታላችሁ? ፀሐይ የለም፣ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል።


የካዛንቺስ_ድስት

ከመጨረሻው እንጀራ በኋላ ምጣዱን አጥፊና ለ10 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ከዚያ እንጀራውን በጣትሽ ልክ ቆራርጠሽ ሳይደራረብ ዘርጊበት፣ አክንባሎውን ሙሉ በሙሉ ሳትገጥሚ። በቀረው ሙቀት አንዱ ዙር ግማሹን ያደርቀዋል፤ በሚቀጥለው መጋገሪያ ቀን ትደግሚዋለሽ፣ እስከዚያ ግን ሰፌድ ላይ ተበትኖ ይቆይ እንጂ ፌስታል አይግባ። ሲሰበር ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ሻጋታ የነካውን ግን ቆርጠሽ አታትርፊ፣ ሁሉም ይጣል።